ልቤን ውሃ የከበበው ሰሞን

በሰውነት ማጎልመሻ መምህርነት ዘመኔ ውርደት አልጎደለብኝም። የከፍታ ዝላይ ላሳይ ስል ሱሪዬ ከመሀል ተቀዶብኝ ያውቃል። ከተማሪዎቼ ጋር ገመድ ስጓተት ጭቃ ውስጥ በግንባሬ ተደፍቻለሁ። ከሁሉም የባሰው ግን ፊሽካ መንፋት ያቃተኝ ቀን ነው።

ሚያዝያ ውስጥ ነበር። ጋምቤላን የሚያውቅ ሰው ሚያዝያ ስል ይገባዋል፤ ለማያውቅ ደግሞ፣ ረፋድ ላይ የትምህርት ቤታችንን የብረት በር በባዶ እጁ የሚነካ ሰው የለም ልበል። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ሜዳውን እየዞሩ ነው። እኔ መሀል ቆሜ ላስቆማቸው ፊሽካዬን አፌ ውስጥ አስገባሁና ነፋሁ። የወጣው ድምፅ ሊፈላ የደረሰ ማንቆርቆሪያ የሚያሰማው ዓይነት ሲርታ ነበር። ደግሜ ነፋሁ። ሲርታውም ጠፋ። ተማሪዎቹ በኋላ የቆሙት ፊሽካ ሰምተው ሳይሆን እኔን ለማየት ነው፤ ሁለት እጄን ጉልበቴ ላይ አስደግፌ፣ አፌን ከፍቼ አየር ስፈልግ።

"መምህር፣ የሮጥነው እኛ፣ የደከሙት እርስዎ!" አለ አንዱ ከኋላ።

ሳቁ ርዕሰ መምህሩን ከቢሮው አስወጣው።

ያን ጊዜ አርባ አራት ዓመቴ ነበር። ከጎጃም ተመድቤ ወደ ጋምቤላ ከመጣሁ አሥራ ሰባት ዓመት ሆኖኛል። ሚስት ያገኘሁት እዚሁ ነው፤ ባለቤቴ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት፤ ሥራዋን ስለምትወድ ቤትም ይዛው ትገባለች። እኔን የምታናግረኝ ልክ እንደ አምስት ዓመት ልጅ ነው። "እጅህን ታጥበሃል?" ብላ ጠይቃኝ አታበቃም፣ "እስቲ አሳየኝ" ትላለች።

የፊሽካው ነገር ድንገት የመጣ አልነበረም። ከወር በፊት ጀምሮ ወደ ማታ ማታ ትኩሳት ይነካካኝ ነበር። ትኩሳት ስላለኝ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ፤ የወባ ምርመራው ነጻ አለኝ፤ ለማንኛውም ተብሎ የታይፎይድ መድኃኒት ተሰጠኝና ወጣሁ። ሌሊት ላብ ያጠምቀኛል፤ ግን ጋምቤላ ላይ ሌሊት ላብ የማያልበው ሰው ነው ሐኪም ቤት መሄድ ያለበት ብዬ ዝም አልኩ። ቀበቶዬ ሁለት ቀዳዳ ገባ። በዚህስ እንዲያውም ኮርቼ ነበር። ቀጥሎ ደረጃ ስወጣ ልቤ መዝለል ጀመረ። ቀጥሎ በጀርባዬ መተኛት አቃተኝ፤ ተቀምጬ፣ ትራስ አቅፌ፣ ወደ ፊት ዘንበል ብዬ ማደር ሆነ ሥራዬ።

ባለቤቴ "ሐኪም ቤት እንሂድ" ባለችኝ ቁጥር ሙቀቱን አሳብባለሁ። ሙቀቱን ስጨርስ ዕድሜን አሳበብኩ። ዕድሜ ሲያሳፍረኝ ደግሞ ኳሷ ትዝ አለችኝ።

የኳሷ ነገር እንዲህ ነው። ከፊሽካው ቀን ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ የሴቶች ግጥሚያ ሳጫውት አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ከሩቅ ለግታ ደረቴ ላይ አሳረፈችብኝ። ይቺ ልጅ ቁመቷ ከኔ ይበልጣል፤ ኳስ ስትመታ በረኞች ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ያን ቀን ትንሽ ተንገዳግጄ ጨዋታውን ቀጠልኩ። ትንፋሽ ሲያጥረኝ ግን ጥፋተኛውን አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። መምህራን ማረፊያ ክፍል ገብቼ "ያቺ ልጅ ናት የገደለችኝ! ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ፈትታብኛለች" አልኩ። ወሬው ከሰዓት በፊት ትምህርት ቤቱን አዳረሰ።

ከዚያ እግሬ ማበጥ ጀመረ። ጫማዬ አልገባ ሲል ክፍት ጫማ አደረግሁ። ሆዴም እንደ ከበሮ ተነፋ። የኬሚስትሪ መምህሩ ጓደኛዬ እግሬን አየና ከኪሱ አንድ ቅጠል ክኒን አውጥቶ ሰጠኝ።

"ለእናቴ እግር እብጠት የታዘዘ ነው፤ በአንድ ቀን ነው ያጎደለላት።"

"ምንድነው?"

"ውሃውን በሽንት ያስወጣዋል። ኬሚስትሪው ቀላል ነው" አለኝ። ኬሚስትሪው ቀላል ነው ሲል ተማሪዎቹ ሁሉ የሚወድቁበት ሰው ነው። ሸሚዜ ኪስ ውስጥ ከተትኩትና ነገ ጠዋት እወስደዋለሁ አልኩ።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ሌላ ሐሳብ መጣልኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ለተማሪ ሳስተምር የኖርኩት ነገር አለ፤ ሰውነት የሚደክመው ስለማይሠራ ነው። እንግዲያው በሽታውን በስፖርት አወጣዋለሁ ብዬ ባለቤቴ ሳትነቃ ቀስ ብዬ ግቢ ወጣሁ። ፑሽ አፕ ልሠራ ተንበረከክሁ። እጄን መሬት ላይ ዘረጋሁ። አንዱን ወረድኩ። መነሳት የለም። በጉልበቴና በክርኔ ተደግፌ፣ ግንባሬ አፈር ሊነካ ስንዝር ሲቀረው፣ እዚያው ቀረሁ።

ጎረቤታችን ያየችኝ በዚህ ሁኔታ ላይ ነው። እሷ የከተማው ልጅ ናት፣ አኙዋ፣ በአንድ የክልል ቢሮ መዝገብ ቤት የምትሠራ፣ በቤተ ክርስቲያኗ ደግሞ መዘምራኑን የምትመራ ጴንጤ። እኔ የተዋሕዶ ልጅ ነኝ። በአሥር ዓመት ጉርብትና አንድም ቀን ስለ ሃይማኖት ተነጋግረን አናውቅም፤ ስለ ቧንቧ ውሃ ነው የምንነጋገረው። በዚያ ጠዋት ባልዲዋን ይዛ ስትወጣ እኔን በጉልበቴ ተደፍቼ፣ ላብ በላብ ሆኜ፣ እያቃሰትኩ አገኘችኝ። ባልዲዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

"መምህር!" አለች። "እግዚአብሔር ነካህ!"

እንዳልነካኝ ልነግራት ፈለግሁ፤ ትንፋሹ ከየት ይምጣ። "ፑ..." አልኩ፤ "ሽ አፕ" የሚለው አልወጣ አለ። አጠገቤ ተንበረከከች፤ አንድ እጇን ጀርባዬ ላይ ጫነች። ጸሎቱ ተጀመረ። መጀመሪያ በአማርኛ ነበር፤ እየሞቀ ሲሄድ ወደ አኙዋኛ ተሻገረ። ስለ እኔ፣ ስለ ባለቤቴ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ይመስለኛል ስለ ክልሉም ጸለየች። እኔ በበኩሌ እመቤቴን እየጠራሁ ነው፤ በልቤ። ከውስጥ የወጣችው ባለቤቴ ደጃፍ ላይ ቆማ ሁለታችንንም አየች። በኋላ እንደነገረችኝ "ሃይማኖቱን ቀየረ" ብላ ደንግጣ በሩን እንደያዘች ቀርታለች።

"አሜን" ብላ ቀና ስትል ነው ጎረቤታችን ፊቴን በቅርብ ያየችው። ፊቷ ተለወጠ። ጣቷን አንገቴ ላይ አደረገች።

"መምህር፣ ይሄ ምንድነው? አንገትህ ላይ ሥር ቆሟል። እንደ ገመድ። ከንፈርህም ጠቁሯል።" ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞረች። "ጸሎት ጨርሰናል። አሁን ባጃጅ ጥሪ።"

አማርኛዋ ውስጥ "እርስዎ" የሚባል ነገር የለም፤ አገሩን ሁሉ "አንተ" ነው የምትለው። በዚያ ጠዋት ግን "ተነሣ!" ስትለኝ ደስ ነው ያለኝ። "ይነሡ" ብትል ለመግደርደር ጊዜ አገኝ ነበር።

ባጃጅ ውስጥ እኔ መሀል፣ ሁለቱ ሴቶች ግራና ቀኝ ሆነን ገባን። አስፋልቱ ላይ ስንደርስ ባለቤቴ "ጥልቅ ትንፋሽ ሳብ፤ አንድ፣ ሁለት" እያለች ታስቆጥረኛለች፤ ጎረቤታችን ሹፌሩን በሦስት ቋንቋ ትቆጣለች። ሹፌሩ በመስታወት እያየኝ "አባት፣ እዚህ ውስጥ እንዳይሞቱብኝ" አለኝ። አርባ አራት ዓመቴ ነው፤ አባት መባሌ ከበሽታው በላይ አመመኝ።

ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አንድ ወጣት ሐኪም ተቀበለን። ረጅም፣ ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ ልጅ ነው። ግፊቴን ለካ፤ ድጋሚ ለካ። የእጄን ሥር ይዞ "ትንፋሽ ይሳቡ" አለኝ። ስስብ ምቱ ከጣቱ ሥር እየጠፋ ሳስወጣ ተመልሶ እንደሚመጣ ለነርሷ ሲነግራት ሰማሁ። ማዳመጫውን ደረቴ ላይ አድርጎ ለረጅም ጊዜ አዳመጠ።

"ምን ትሰማለህ?" አልኩት።

"ጎረቤት ቤት የሚመታ ከበሮ" አለ። "ድምፁ በጣም ሩቅ ነው።"

የአልትራሳውንድ ማሽኑን ገፍቶ አመጣ፤ ደረቴ ላይ ቀዝቃዛ ቅባት ቀባኝና ስክሪኑን ወደኛ አዞረው። መሀል ላይ አንድ ነገር እየተንፈራገጠ ነው፤ ዙሪያውን ሙሉ ጥቁር።

"ያ የሚንፈራገጠው ልብዎ ነው። ጥቁሩ ውሃ ነው" አለ። "የሁላችንም ልብ በስስ ከረጢት ተሸፍኗል። በከረጢቱና በልቡ መሀል ለማለስለሻ ጥቂት ፈሳሽ ይኖራል፤ ሁለት ሦስት ማንኪያ ቢሆን ነው። የእርስዎ ሞልቶ ልብዎን ከውጭ እየጨመቀው ነው። ልብ ደም ለመርጨት መጀመሪያ ዘና ብሎ መሙላት አለበት። መሙያ ቦታ አጣ።"

ባለቤቴ አልገባትም መሰለኝ ዓይኗን አጠበበች። ሐኪሙም ገባው።

"በምን መጣችሁ?"

"በባጃጅ።"

"እሳቸው የት ተቀመጡ?"

"መሀል።"

"በቃ፣ ልባቸው መሀል ተቀምጧል። ከግራም ከቀኝም ሰው እየተጨመረበት ነው።"

ጎረቤታችን ራሷን ነቀነቀች፤ በጣም ገባት። እኔ ግን የራሴን ምርመራ ይዤ ስለመጣሁ "ዶክተር፣ ኳስ ነው። ተማሪ ደረቴን መታችኝ" አልኩ።

"ምት ሊያመጣው ይችላል፤ ግን የመኪና አደጋ፣ ጩቤ፣ ጥይት ዓይነት ከባድ ጉዳት ነው። ደግሞ ያኔ ቶሎ ነው የሚመጣው፤ በዚህ ሁሉ ሳምንት አይደለም" አለና ይጠይቀኝ ጀመር። ትኩሳት? አለ። ላብ? አለ። ክብደት? ቀንሷል። የኩላሊት ሕመም? የለም። ካንሰር ያለበት ዘመድ? የለም። "የኤች አይ ቪ ምርመራም እናደርጋለን" ሲል ባለቤቴ ቀስ ብላ ወደኔ ዞረች። ልቤ ውሃ ውስጥ ሆኖ፣ ትንፋሼ ተቆርጦ፣ በዚያች ቅጽበት የፈራሁት እሷን ነው። ውጤቱ ነጻ መሆኑን እዚህ ላይ ተናግሬ ልለፍ።

ነርሷ ሸሚዜን ስታወልቅ ከኪሴ ያ ክኒን ወደቀ። ሐኪሙ አነሣና አገላበጠው።

"ይህን ወስደዋል?"

"ዛሬ ጠዋት ልወስደው ነበር። ጸሎት ያዘኝ።"

"ጥሩ ጸሎት ነው" አለ፤ ፊቱ ላይ ግን ፈገግታ አልነበረም። "ይህ ሽንት ያስወጣል። የልብ ድካም እብጠት ቢሆን ይረዳ ይሆናል። እርስዎ ላይ ግን ደም ሥር ውስጥ የቀረችውን ውሃ ሲያወጣት ልብዎ የሚሞላበት ነገር ያጣ ነበር። ግፊትዎ አሁንም መሬት ነው።"

"አየህ!" አለች ጎረቤታችን። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ "አየህ" ሰምቼ አላውቅም።

ሐኪሙ ነርሷን ጉሉኮስ እንድትሰቅል ሲያዛት ግን አላስቻለኝም። "ውሃ በዛበት ትላለህ፤ መልሰህ ውሃ ትጨምርብኛለህ?"

"ያኛው ከልብ ውጭ ያለ ነው። ይሄ በደም ሥር ገብቶ ልብን ከውስጥ ይገፋል። ጊዜ መግዣ ነው እንጂ መድኃኒቱ አይደለም። መድኃኒቱ ያን ውሃ በመርፌ ማውጣት ነው፤ አሁኑኑ።"

"በየት በኩል?"

ጣቱን የደረቴ አጥንት የሚያበቃበት ቦታ ላይ አደረገ። "በዚህ ገብተን ወደ ግራ ትከሻዎ።"

ባለቤቴ እዚህ ላይ የመዋዕለ ሕፃናት ድምፅዋን ትታ በሌላ ድምፅ ጠየቀች። "ምን ሊደርስበት ይችላል?"

አልደበቃትም። መርፌው ልቡን ሊነካ ይችላል፤ ሳንባ ወይም ጉበት ሊያገኝ ይችላል፤ ሊደማ፣ የልብ ምት ሊዛባ ይችላል። ለዚህ ነው በማሽን እያየን የምንገባው አላት። "ካልሠራነው ግን እስከ ማታ ስለመቆየታቸው ቃል አልገባልሽም፤ ሌላ ከተማ እንላካቸው ብንልም መንገዱን አይጨርሱትም።"

እስክርቢቶውን ወስዳ ፈረመች። ፊርማዋ የተማሪዎቿን ጽሕፈት ይመስል ነበር።

እኔ ደግሞ ወንድ ለመምሰል "ስንት ጊዜ ሠርተኸዋል?" አልኩት።

"አራት ጊዜ። ሦስቱን ከፍተኛ ሐኪም አጠገቤ ቆሞ።"

"አራተኛውስ?"

"ሰውየው ድኖ ዲማ ተመልሷል፤ ወርቅ እያወጣ ነው።"

የዚያን ወርቅ ቆፋሪ ጤና በዓይነ ሕሊናዬ እያየሁ ትንሽ ተጽናናሁ። አልጋውን ከፍ አድርገው በከፊል አስቀመጡኝ። ሐኪሙ ጓንቱን አጠለቀ፤ ደረቴን በቢጫ መድኃኒት እያጸዳ አቀርቅሮ "መምህር፣ አላስታወሱኝም አይደል?" አለኝ።

መነጽሩን አየሁት። ቁመቱን አየሁት። መነጽሩን በሐሳቤ አወለቅሁለት። የሜዳው ዳር የማንጎ ዛፍ መጣብኝ፤ ከሥሩ መጽሐፍ ይዞ የሚደበቅ አንድ ቀጭን ልጅ። ሁሉም ሲሮጥ እሱ ያነብባል። አንድ ቀን መጽሐፉን ቀምቼ ሜዳውን አምስት ጊዜ አዙሬዋለሁ።

"አንተ ነህ?" አልኩ።

"እኔ ነኝ። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ሃምሳ ሁለት ሰጥተውኝ ከአንደኝነት ወደ ሁለተኛ ወርጃለሁ።"

ባለቤቴ "ስንት?" አለች።

"ሃምሳ ሁለት" አላት ሐኪሙ። "ሌላው ሁሉ ከዘጠና በላይ ነበር።"

"ይሄ ሰውዬ!" አለች። ባሏ መርፌ ሊገባበት ተዘጋጅቶ እሷ የሃምሳ ሁለትን ፍርድ ያዘች። "ምን አለበት ስልሳ ብትሰጠው?"

"ልጄ" አልኩት፤ ድምፄን እንዳለሰለስኩ እስካሁን ያሳፍረኛል፤ "ያኔ ትንሽ ሳልቸኩል አልቀርም። ውጤቱ እንደገና ሊታይ..."

"መምህር፣ ትንፋሽዎን ይቆጥቡ። አሁን ማደንዘዣ ልወጋ ነው፤ ትንሽ ይቆነጥጣል።"

ዓይኔን ጨፈንኩ። ቆነጠጠኝ። ከዚያ ግፊት ነበር፤ ሕመም ሳይሆን አንድ ሰው አውራ ጣቱን ደረቴ ውስጥ የሚከት ዓይነት። ነርሷ ማሽኑን ይዛ "ትንሽ ወደ ግራ" ትላለች። ከዚያ አንዲት የምትበጠስ ነገር ተሰማኝ፤ ሐኪሙም "ገባን" አለ። ዓይኔን ስከፍት ሲሪንጁ ቀይ ሻይ በሚመስል ነገር እየሞላ ነው። ደም ቢመስለኝ ልጮህ ስል "ደም አይደለም፣ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ነው" አለኝ። አንዱን አወጣ። ሁለተኛውን አወጣ። ሦስተኛው ላይ የሆነውን እንዴት እንደምናገረው አላውቅም። ለሳምንታት ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረ ከባድ ሰው ተነሥቶ ሄደ። ሳልጠየቅ ረጅም ትንፋሽ ሳብኩ፤ እስከ ሆዴ ወረደ። ነርሷ ግፊቱን አየችና "ወጣ!" አለች። የባለቤቴ እንባ ያኔ ነው የመጣው።

"ምን ይሰማዎታል?" አለኝ ሐኪሙ።

"ራበኝ" አልኩ።

ጎረቤታችን ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ሁሉንም ስትሰማ ነበርና ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወደ ውጭ ወጣች።

የቀረውን ውሃ ቀስ በቀስ የሚያወጣ ቀጭን ቱቦ ሐኪሙ ደረቴ ላይ ከተወልኝ በኋላ ወደ መኝታ ክፍል ተዛወርኩ። የወጣው ሁሉ ሲደመር ከአንድ ሊትር ብዙም አላነሰም። ከፈሳሹ ተወስዶ ሲመረመር ደግሞ ሳንባዬም በራጅ ታየ። በሦስተኛው ቀን ሐኪሙ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"ቲቢ ነው።"

"ሳልሁ እንዴ? ቲቢ የሳንባ አይደለም?"

"ቲቢ የፈለገበት ይሄዳል። ከእርስዎ የበለጠ ስፖርተኛ ነው" አለኝ። ይህችን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ሲያዘጋጃት የኖረ መሰለኝ። ቀጥሎ ግን በቁም ነገር አስረዳኝ። የስድስት ወር መድኃኒት አለ፤ አንድ ቀን አይዘለልም። ካላለቀ ውሃው ሊመለስ ይችላል። ቢድንም እንኳ ያ ከረጢት አንዳንዴ ይወፍርና ይደርቃል፤ ያን ጊዜ ውሃ ሳይኖር ልብን ጨምቆ ይይዛል፤ ያ ደግሞ በመርፌ አይፈታም፣ ቀዶ ሕክምና ነው። "ስለዚህ ከስድስት ወር በኋላ ጅማ ሄደው ልብዎን በደንብ ያሳያሉ።"

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ያቺ ኳስ መቺ ተማሪዬ መጣች። የደንብ ልብሷን እንደለበሰች በሩ ላይ ቆመች፤ ቁመቷ የበሩን ጉበን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ዓይኗ ደረቴ ላይ ያለው ቱቦ ላይ ተተከለ፤ ከዚያ ማልቀስ ጀመረች።

"መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ ሆን ብዬ አይደለም። ኳስ ትቻለሁ። ጫማውን ለታናሽ እህቴ ሰጥቻለሁ።"

በዚህ ሁሉ መሀል እሷን ማሰቤ ትዝ አይለኝም። ማረፊያ ክፍል ውስጥ ለማሳቅ ያወራሁት ወሬ ለካ እሷ ዘንድ ሲደርስ ነፍስ ማጥፋት ሆኖ ነው። ክፍል ውስጥ "መምህር ገዳይ" ይሏት እንደነበር ባለቤቴ በኋላ አጣርታ ነገረችኝ።

"ነይ ቁጭ በይ" አልኳት። "ኳሱ አይደለም። በሽታ ነው፤ ቲቢ። አንቺ ከመምታትሽ በፊት የነበረ ነው። ዝም ብዬ ነው ያወራሁት፤ ይቅርታ መጠየቅ ያለብኝ እኔ ነኝ።"

አላመነችኝም። ሊያጽናናት ነው ብላ መሰለኝ ለቅሶዋን አበረታች። ሐኪሙን አስጠራሁት። እሱም በሙሉ ክብሩ መጥቶ፣ ነጭ ጋዋኑን አስተካክሎ፣ "በሕክምና ሳይንስ አንቺ ከመምህርሽ ሕመም ነጻ ነሽ" ብሎ አወጀላት። ከዚያ ጎንበስ ብሎ "አመታትሽ ግን ጥሩ ነው ይላሉ" አላት። እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። እኔም ድኜ ወደ ሥራ ስመለስ በመጀመሪያው ቀን ሰልፍ ላይ፣ በማይክራፎን፣ ጥፋቱ የኔ መሆኑን ለትምህርት ቤቱ ሁሉ ተናገርኩ። ተማሪው እንደጠበቅሁት አላጨበጨበም፤ ሳቀብኝ። እሷ ግን ጫማዋን ከእህቷ ላይ አስመልሳ ነበር።

የስድስት ወሩ ነገር ራሱን የቻለ ቀልድ ነው። በየቀኑ ጠዋት ጤና ጣቢያ እየሄድኩ ባለሙያዋ ፊት ክኒኔን እውጣለሁ፤ ዋጥኩ ስላት አፌን አስከፍታ ታያለች፤ ባለቤቴ በዚህ አሠራር በጣም ተደስታለች። መጀመሪያ ቀን መድኃኒቱ ሽንት እንደሚያቀላ ተነግሮኝ ነበር፤ እኔ ግን የሰማሁትን ሁሉ ረስቼ በማግሥቱ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ብርቱካንማ ሲወጣ አየሁና "ልቤ ፈነዳ!" ብዬ ጮህኩ። ጎረቤታችን አጥሩን ልትሰብረው ምንም አልቀራት። ባለቤቴ በሩን ሳትከፍት ከውጭ ሆና "ምን ብለውህ ነበር? እስቲ አስታውስ" አለችኝ።

የከረጢቱን ቁጣ ለማብረድ የተጨመረልኝ ሌላ መድኃኒት ደግሞ ረሃብ ነው ያመጣብኝ። የማይጠግብ፣ የሚያሳፍር ረሃብ። ፊቴ ክብ ሆነ። ጎረቤታችን አንድ ቅዳሜ የዓሣ ወጥ ሠርታ ብታመጣልን፣ ባለቤቴ ሸኝታት እስክትመለስ ድስቱ ባዶ ሆኖ ጠበቃት። ባዶውን ድስት ስመልስ ጎረቤታችን ውስጡን አየች፣ እኔን አየች። "መምህር፣ አሁን ስለ ሆድህ ልጸልይ" አለች።

ባለቤቴም ተመረመረች፤ ደህና ናት። ጎረቤታችንን "አንቺም ተመርመሪ" ብንላት፣ "እኔ ስድስት ዘፈን... ይቅርታ፣ ስድስት መዝሙር ሳላርፍ እዘምራለሁ፤ ሳንባዬን ሰው ሁሉ ሰምቶታል" ብላ እምቢ አለች። ሐኪሙ ራሱ መጥቶ ሲለምናት ነው የሄደችው። እሷም ደህና ሆነች።

መድኃኒቱ ሲያልቅ ከባለቤቴ ጋር ጅማ ሄድን። እንደ አዲስ ሙሽራ አልጋ ላይ አስተኝተው ልቤን ከየአቅጣጫው አዩት። ስክሪኑ ላይ ያ ጥቁር ነገር የለም። ከረጢቱ ትንሽ ወፈር ብሏል፣ ግን ልብህን አልያዘውም አሉኝ፤ ከስድስት ወር በኋላ ደግመህ ና። ስንወጣ "ስፖርት እችላለሁ?" ብዬ ጠየቅሁ። "ቀስ እያልክ" አሉኝ።

ተመልሰን ስንመጣ አውቶቡሱ መቱ ላይ ለምሳ ቆመ። ምግብ ቤቱ ያለው ከመንገዱ በላይ፣ ዳገት ላይ ነው። ዝናብ አልፎ አየሩ ቀዝቅዟል። ጋምቤላ ከኖርኩ ወዲህ ብርድ ባየሁ ቁጥር እንደ ልጅ ያደርገኛል። ሳላስበው ዳገቱን ይዤ ወጣሁ፤ ሳልቆም፣ ጉልበቴን ሳልደገፍ፣ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ። ጫፍ ላይ ደርሼ ዞር ስል ባለቤቴ ግማሽ መንገድ ላይ ወገቧን ይዛ ቆማለች።

"ቆይ እንጂ!" አለችኝ። "ምን ያሯሩጥሃል?"

ወደ እሷ ወረድኩ። አንገቷን አየሁ፤ ምንም ሥር አልቆመም። እግሯን አየሁ። "ማታ ማታ ትኩሳት አለሽ? ላብስ? በጀርባሽ ትተኛለሽ?"

"የሰው ልጅ ስሸከም ስለምውል ደክሞኝ ነው፤ በል አርፈህ እጄን ያዝ።"

ያዝኳት። ቀስ ብለን ወጣን። ምሳችንን በልተን ሁለተኛ ሳህን ሳዝ ቀና ብላ አላየችኝም፤ አውቶቡሱ ጡሩምባውን እስኪነፋ ድረስ እሷም ከሳህኑ ጫፍ ጫፉን እየቆረሰች አብራኝ በላች።